ውሃቸውን ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች

ሽማግሌዎቹ ውሃቸውን ይዘው መጡ።

ልጄን ማራናታን ለዓለምሰገድ ሊጠይቁ ነበር የመጡት። ባጃጁ ደጃችን ጭቃ ላይ ቆመና መጀመሪያ አቶ ብርሃነመስቀል ጋቢያቸውን ሰብስበው ወረዱ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። በመጨረሻ ራሱ ዓለምሰገድ ወረደ። በወጉ ቢሆን ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። ከዚያ ቤት የእኛን ሰፈር የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው መንገድ መሪ ሆኖ የመጣው። በትከሻው በላስቲክ የተጠቀለለ የታሸገ ውሃ ተሸክሟል። በሌላ እጁ የለስላሳ ጠርሙሶች አንጠልጥሏል።

በር ላይ ቆሜ ፈገግ አልኩ። ስጦታ መስሎኝ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ስዘጋጅ ነው የከረምኩት። ቤቱን በአዲስ ጭቃ ለቀለቅኩ። ወንበር ከጎረቤት ተዋስኩ። ከሸኮ በመጣ ማር ብርዝ በጠበጥኩ። ብርዙ የሚቀርብበትን የሸክላ ዋንጫም ለዚያ ቀን ብዬ ራሴ ሠራሁት፣ ራሴ አቃጠልኩት። እኛ ሸክላ ሠሪዎች ነን። ሚዛን ገበያ ድስት የገዛ ሰው ወይ ከእኔ ወይ ከዘመዶቼ ገዝቷል። በድስታችን ወጥ ይሠሩበታል። እኛ የጠጣንበትን ዕቃ ግን አይነኩም። ድስቱን እሳት ያነጻዋል ይላሉ። አንዳንዱ ደግሞ ቡዳ ናቸው ይለናል፤ ፊት ለፊት አይደለም፣ አለፍ ካልን በኋላ።

አቶ ብርሃነመስቀል ወንበሩን ቆመው አዩት። ከዚያ የጋቢያቸውን ጫፍ አነጠፉበትና ተቀመጡ።

«ትንሽ ብርዝ ቅመሱ እንጂ» አለ ወንድሜ ባምላኩ። በማራናታ አባት ቦታ የተቀመጠው እሱ ነበር፤ ባለቤቴ ሙሴ ካረፈ ቆይቷል።

«እኔን እንኳ ስኳር አለብህ ብሎ ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ አቶ ብርሃነመስቀል።

«እኔም ጨጓራዬ ነው» አሉ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ምክንያት ሳያዘጋጁ የመጡ መሰለኝ። ዙሪያቸውን አዩና «እኔ አሁን ከቤት በልቼ ነው የወጣሁት» አሉ።

«ብርዝ መቼ ይበላል አባቴ» አለ ባምላኩ እየሳቀ። «ጾም ነው እንዳይሉ ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንቱ ነው።»

ማንም አልሳቀለትም። ያን ጊዜ ዓለምሰገድ ተነሥቶ ላስቲኩን ቀደደና ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ውሃ አደላቸው። ማንም ሳይጠይቀው፣ በትሕትና፣ በሁለት እጁ። ክዳኖቹ ቀጭ፣ ቀጭ ብለው ተከፈቱ። አቶ ብርሃነመስቀል ውሃውን ወደ ጎን አደረጉና ቢጫውን ለስላሳ አንሥተው እስከ ግማሽ ጠጡት።

«ለስኳሩ ነው?» አለ ባምላኩ።

እኔ ዓለምሰገድን ነበር የማየው። ፊቱ ላይ እፎይታ ነበር። ሁሉን ነገር አስቦበታል። እኛ እንዳናፍር፣ እነሱ እንዳይጨነቁ፣ ማንም «አልጠጣም» የሚል ቃል እንዳያወጣ ብሎ ከገበያ ገዝቶ ተሸክሞ አመጣልን። በፍቅር ነው ያደረገው። የባሰብኝም እሱ ነው።

ማራናታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። መጥታ አንዱን ዋንጫ አነሣች። በእኛ ቤት ዝምድና የሚታሰረው በአንድ ዋንጫ ነው። ሰጪው መጀመሪያ ይቀምሳል፣ ዋንጫው ይዞራል፣ መጨረሻ ወደ ሰጪው ተመልሶ ቅሪቱን ሰጪው ይጨርሰዋል። ይህን ዓለምሰገድ ያውቃል፤ ራሷ ነግራዋለች። እስከ ግማሽ ጠጣችና ዋንጫውን ዘረጋችለት።

ተቀበላት። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከአንድ ዓመት በላይ የማውቀው አስተያየት ነው፤ ሰው መሀል ቆመው እንኳ ሁለቱ ብቻ ያሉ የሚያስመስል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ዋንጫው ወረደ። ከንፈሯ የነካበት ጠርዝ እርጥብ ነበር። ወደ አቶ ብርሃነመስቀል አየ፣ ወደ መሬት አየ።

«በኋላ» አላት፣ በቀስታ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ሳያነሡ ስለ ዝናቡና ስለ ቡና ዋጋ ሲያወሩ ቆይተው ሄዱ። ሲሸኙ ዋንጫው እንደተቀመጠ ነበር። ዝንብ ገብቶበት ብርዙ ውስጥ ይንፈራገጣል። አላወጣሁትም። እስኪሞት ድረስ ቆሜ አየሁት፤ እንዲህ ቀፎኝም አያውቅም።

ፍቅራቸው የተጀመረው በአንድ አሮጌ ግቢ ነው። የዓለምሰገድ ቅድመ አያት ፊታውራሪ በዛብህ ከሰሜን መጥተው የሠሩት ቤት ነው፤ ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የእንጨት በረንዳ ያለው፣ ከፍ ያለ። መሬቱ በአዋጅ ሲወረስ ቤቱና ግቢው ለቤተሰቡ ቀሩ። የልጅ ልጆቻቸው ወደ ከተማ ወጡ። ጣሪያው ውስጥ የሌሊት ወፍ ገባበት፣ ከግቢው ጥግ የተከመረው የቡና ገለባ እየበሰበሰ ሽታው መንገደኛ ያስመልሳል። ያን ቤት ዓለምሰገድ ነው ላድነው ብሎ የተነሣው። መሐንዲስ ነው። የጭቃውን ግድግዳ በጭቃ፣ እንጨቱን በእንጨት እንጂ ሲሚንቶ አላስነካም ብሎ ከአክስቱ ከወይዘሮ አሰጋሽ ጋር ተጣልቶ ጀመረው። ማራናታ ደግሞ የባህል ባለሙያ ናት። የቤቱን ታሪክ እንድትጽፍ መሥሪያ ቤቷ ላካት።

የጓሮውን መስኮት ያገኘችው እሷ ናት። ከጓዳው ግድግዳ ላይ ጥላሸቱን ስትጠርግ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ፣ የሰው እጅና አንድ ዕቃ ብቻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ወጣ። ማታ መጥታ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ምን ነበር?»

«አያትሽ የበላችበት ነው» አልኳት።

እናቴ ድስት ተሸክማ ወደዚያ ቤት ስትሄድ እኔ አብሬያት እሄድ ነበር። በፊት ለፊት አንገባም። በጓሮ ዞረን ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እንቆማለን። ዝናብ ከሆነ የጣሪያው ጠፈጠፍ አንገታችን ላይ ይወርዳል። እናቴ የእንሰት ቅጠል በሁለት እጇ ትዘረጋለች። ከመስኮቱ አንድ እጅ ወጥቶ አሬራ ያፈስላታል። ከላይ፣ ከፍ አድርጎ ነበር የሚያፈስሰው፤ ጠብታው ተመልሶ ዕቃቸውን እንዳይነካ። እናቴ እኔንም ታቀምሰኛለች። ለዓመታት አሬራ የማልወደው ሽታው አስጠልቶኝ ይመስለኝ ነበር።

ማራናታ ይህን ለዓለምሰገድ ነገረችው። ሥራውን አቁሞ መስኮቱ ሥር ቁጭ አለ አለችኝ። ከዚያ «ይህ መስኮት እንዳለ ይቆያል። ለሚመጣው ሰው ሁሉ አንቺ ራስሽ ትነግሪያለሽ» አላት።

«የወደድኩት ያን ቀን ነው እማዬ» አለችኝ። እኔም ያን ቀን ነው ልቤ የራራለት። ፈራሁ እንጂ አልከለከልኳትም።

ሽማግሌዎቹ የሄዱ ዕለት ማራናታ ዋንጫዎቹን አጠበች። የታጠበውን ደግማ አጠበች።

«እማ» አለችኝ ጀርባዋን ሰጥታኝ። «ምሳ ስንበላ ያጎርሰኛል። ላጎርሰው ስል ግን "ጠገብኩ" ይላል። ሁልጊዜ ነው የሚጠግበው።»

የታጠበውን ዋንጫ ተቀብዬ ደረደርኩ።

«ማኪያቶዬን ቅመስ ስለው ጣፋጭ አልወድም ይለኛል። ሻዩ ላይ ግን ስኳር አይበቃውም።» ውሃውን ደፋችው። «አንቺ ፊት ማለት የለብኝም... ከንፈሬንም ስሞኝ አያውቅም። እስክንጋባ ይሁን አለኝ። ጨዋነት መስሎኝ፣ በእሱ ስኮራ!»

እናት ነኝና ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ሰምቼ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዕለት ግን ልጄን አቅፌ፣ አንድ ሰው ልጄን እየወደዳት እየተጸየፋት እንደኖረ ሳስብ፣ ሰውነቴ ሁሉ ቆሻሻ የነካው መሰለኝ።

በሳምንቱ ወይዘሮ አሰጋሽ ላኩብኝ። ግቢው ስደርስ በረንዳው ተጠግኖ፣ እንጨቱ ተወልውሎ ያበራል። ፊት ለፊት ያለው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እግሬ ግን ራሱ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ዕድሜዬን ሁሉ በዚያ ቤት ሌላ መንገድ አያውቅም።

መስኮቱ የለም።

ግድግዳው ሁሉ ደርቋል። መስኮቱ የነበረበት ቦታ ብቻ ገና እርጥብ ነው፤ በእጅ ተለስኖ፣ የጣቶች ዱካ ያለበት። ዓለምሰገድ ባልዲ ይዞ ከጎኑ ቆሟል። እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«እማማ! መጡ እንዴ? ጨረስኩት!»

«ምኑን ልጄ?»

ከመመለሱ በፊት ወይዘሮ አሰጋሽ በዘንግ እየተደገፉ ከጥጉ ብቅ አሉ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበዋል።

«እኔ ነኝ ድፈነው ያልኩት» አሉና በስሜ ጠሩኝ። «ስሚ ማርያም፣ ክፉ አልመኝልሽም። ልጄ ልጅሽን ወዷል፣ እሺ ብያለሁ። ግን ነገ ጎብኚ ሲመጣ፣ የዚህ ቤት ምራት እዚህ ቆማ "አያቴ በዚህ ቀዳዳ ነበር የምትበላው" ልትል ነው? ለእኛም ውርደት፣ ለእናንተም ውርደት። ተደፈነ፣ አለቀ። ለክብራችሁ ነው።»

«ውሃውስ ለክብራችን ነበር እትዬ?»

«የቱ ውሃ?»

«ሽማግሌዎቹ ይዘውት የመጡት።»

ወይዘሮ አሰጋሽ ዓለምሰገድን አዩት። እንዳላወቁ ገባኝ። ውሃውን ያዘዙት እሳቸው አይደሉም።

ማራናታ ከቢሮዋ መጥታ ኖሯል። መቼ እንደደረሰች አላየሁም። እርጥቡን ግድግዳ እያየች ቆማለች።

«ማራናታ» አላት ሮጦ ሄዶ። «ለአንቺ ብዬ ነው። አክስቴ ይህ ከተደፈነ ሠርጉን እሺ አለች። በዚያ ላይ አንቺ ይህን እያየሽ እንዴት ትኖሪያለሽ? በዚህ ቤት ጧት ማታ ስትወጪ ስትገቢ...»

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«እጅህን።»

ጭቃውን እጁን ዘረጋላት። አልነካችውም።

«ቃል የሰጠኸኝ በዚህ እጅ አልነበረም?»

«ቃሌማ እንድንጋባ ነው! ቀዳዳ ከእኛ ይበልጣል?»

«አያቴ እዚህ ቆማለች ዓለምሰገድ። እናቴ እዚህ ቆማለች፤ ይኸው አሁንም ቆማለች፣ እግሯ በፊት በር አልገባ ብሏት። አንተ ግን ሰው እንዳያይ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ ሁሉም ደስ እንዲለው ትለስናለህ። ለሽማግሌዎቹ ውሃ፣ ለግድግዳው ጭቃ። ለእኔስ ምን ነበር ያሰብከው? እኔን በምን ልትሸፍነኝ ነበር?»

«እወድሻለሁ እኮ!» ድምፁ ተሰበረ።

«አውቃለሁ» አለችው። «እንደምትወደኝ አውቃለሁ። ግን ትጸየፈኛለህ።»

«አልጸየፍሽም» ቢላት ኖሮ እንኳ ትንሽ እፎይ ባልኩ ነበር። አላላትም። ወይዘሮ አሰጋሽ ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ፣ መልሰው አነሡት። የበሰበሰው ገለባ ሽታ ከጥጉ መጣብኝ። ዞሬ አጥሩ ሥር አስመለስኩ። ልጄ ግንባሬን ይዛኝ ነበር።

ስልኳን ዘግታ ሰነበተች። ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የሰጠኋትን ትበላለች። ሌሊት እንደማትተኛ ጧት ከዓይኗ አውቃለሁ። እናት ምን ታደርጋለች? ወጥ ውስጥ ጨው ትጨምራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ትጸልያለች። ልጄ እንዳትሰበር ፈርቼ፣ ደግሞ መልሳ እንዳትወስደው ፈርቼ፣ የቱን እንደምለምን እንኳ ጠፋኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩን ከፍታ ይዛ መጣች። «መልእክት ልኳል። ላነበው አልቻልኩም። አንቺ አንብቢልኝ።»

«እኔ? እኔ እኮ ገና...»

«ቀስ ብለሽ።»

በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ብዙ አልቆየሁም። ስልኩን ወደ ብርሃን አዞርኩት። አንዱን ቃል ካንዱ እየለየሁ፣ አንዳንዱን እየደገምኩ አነበብኩላት። ቶሎ የሚያነብ ሰው ቶሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እያንዳንዱ ቃል ላይ ቆምኩ።

«ማራናታ፣ ብርዙን ያልጠጣሁት ሽማግሌዎቹን ፈርቼ አይደለም። ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከገበያ ከአንዲት ሸክላ ሠሪ እጅ ሸንኮራ ተቀብዬ በላሁ። አክስቴ አፌን በአመድ አጠበችኝ። እስካስመልስ ድረስ ጣቷን ጉሮሮዬ ውስጥ ከተተች። አንቺን ስወድሽ ይህ ሁሉ ያለፈ መስሎኝ ነበር። ዋንጫውን ስትሰጪኝ ግን ጉሮሮዬ ተዘጋ። ልቤ እሺ ብሎ ሰውነቴ እንቢ አለ። ቀድሜም አውቀው ነበር፤ ለዚህ ነው ውሃውን የገዛሁት። ለሽማግሌዎቹ አልነበረም፣ ለራሴ ነበር። አንቺን ሳይሆን ራሴን ነው አሁን የምጸየፈው። ይቅር በይኝ አልልም። ዋሽቼሽ እንዳልቀር ብዬ ነው።»

አንብቤ ስጨርስ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አስጠላኝ። የአመዱ ነገር፣ የጣቱ ነገር፣ ልጄ የሰው ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር ሆና መቆጠሯ አስጠላኝ። ግን ከዚያ ቤት በዘመኔ የሰማሁት የመጀመሪያው እውነት ይህ ነበር።

«ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ምንም አትበይው።»

«እማ...»

«አፉን አይደለም የምፈልገው፣ ሥራውን ነው» አልኳት።

የመጣው በማግስቱ ነው፣ በዶፍ ዝናብ፣ በእግሩ። ሸክላዬን እያቦካሁ ነበር። በሩ ላይ ቆመ። ከፀጉሩ ውሃ ይወርዳል። ባዶ እጁን ነው፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ጥፍሮቹ ተሰባብረው ደርቆ የተጣበቀ ጭቃና ደም አለባቸው።

«ከፈትኩት» አለ፣ ለማራናታ ይሁን ለእኔ አላውቅም። «መስኮቱን። ጭቃው ደርቆ እንቢ አለኝ። በመሮ ብፍቀው ጠርዙን እንዳላበላሸው ፈራሁ፣ ስለዚህ በእጄ ነው።»

«አክስትህስ?» አልኩት።

«ክፍሏን ዘግታለች። ሠርግ ከተባለ እኔን ከሙታን ቁጠሩኝ ብላለች።» የፊቱን ውሃ በእጁ ጀርባ ጠረገ። «እማማ፣ ጠምቶኛል።»

ማራናታ ከጓዳው ወጥታ ምሰሶውን ይዛ ቆመች። እሱም ወደ እሷ አልተጠጋም። ዓይናቸው ብቻ ተገናኝቶ ቀረ።

እጄን ታጠብኩ። ብርዝ ነበረኝ። ያንኑ ዋንጫ፣ ዝንቡ የሞተበትን፣ ከመደርደሪያው አወረድኩት። ሞላሁት። መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ። ለማራናታ ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች። ቀመሰችና ዘረጋችለት።

ተቀበላት። ጠርዙን አላዞረውም። እሷ በጠጣችበት በኩል አፉን አደረገ።

ጉሮሮውን ነበር የማየው። ወረደ፤ መለሰው። ጀርባው ጎበጠ፣ አፉን በክንዱ ደፈነ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«ተወው ልጄ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አዘንኩለት። «ተወው፤ ሰው በግድ አይወድም።»

«መውደዱማ በግድ አይደለም» አለ፣ ድምፁ እየታነቀ። «አልተወውም። ማራናታ፣ አትሂጂ። አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እዪኝ። ሳልለስነው እዪኝ።»

ቆመች።

ደግሞ ጠጣ። ይህኛው ወረደ። ደግሞ ጠጣ። ፊቱ ቀላ፣ አፍንጫው ሁሉ እንባና ንፍጥ ሆነ። ፊቴ የቆመው ልጄ የወደደችው መልከ መልካሙ መሐንዲስ አልነበረም፤ አፉ በአመድ የታጠበው ልጅ ነበር። ከታች ጥቂት ሲቀረው አቆመ። የቤታችንን ወግ አስታወሰ መሰለኝ። ዋንጫውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ ዘረጋው።

ቅሪቱን ሰጪው ነው የሚጨርሰው።

ዋንጫውን ተቀብዬ ወደ ውስጥ አየሁ። ብርዙ ላይ አረፋ አለ። የእሱ ምራቅ ነው። ያ ሊያስመልስ የተናነቀው አፍ። እናቴ ላይ ከላይ ያፈስሱ የነበሩ ሰዎች አፍ። ከሆዴ አንድ ነገር ተነሥቶ ጉሮሮዬን ዘጋው። ያቅለሸልሸኝ ጀመር። እኔን! ዕድሜዬን ሁሉ እነሱ ናቸው የሚጸየፉት ስል ነው የኖርኩት፤ የእኔም ጉሮሮ እንደሚዘጋ እስከዚያች ሰዓት አላወቅኩም፤ ለካ ከእነሱ ከንፈር በኋላ እንድጠጣ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ዓለምሰገድ ጉሮሮዬን እያየ ነው፤ እኔ የእሱን ሳይ እንደነበርኩት። «እማማ፣ ግድ የለም» ሊለኝ አፉን ሲከፍት አየሁት። ደግነቱን ታውቁታላችሁ፤ ሊሸፍንልኝ ነበር።

«ዝም በል» አልኩት።

ዓይኔን አልጨፈንኩም። ከነአረፋው ጠጣሁት። አልጣፈጠኝም። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፣ ሊመለስ አለ፣ እንደምንም ዋጥኩት። ዋንጫውን ገልብጬ አሳየኋቸው፤ ባዶ ነው።

ማራናታ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ምሰሶውን ለቀቀች። የተሰባበሩ ጥፍሮቹን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከነጭቃው፣ ከነደሙ፣ ፊቷ ላይ አደረገቻቸው።